የሚስ አይሲልዳ ወለል

ሚስ አይሲልዳ ፔኒኩክ ሳሎን አላት። ሳሎን አላት ማለት ግን ሳሎኗ ውስጥ ትቀመጣለች ማለት አይደለም። በመንደሯ በዶግዉድ ሳሎን የሚቀመጡበት ሳይሆን በበር ስንጥቅ የሚያዩት ነገር ነው። ሶፋው ከተገዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የመጣበት ላስቲክ እስካሁን አልተገፈፈም። ባለ መስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሃያ አራት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ አንዱም ውሃ ቀምሶ አያውቅም። ባለቤቷ ማስ ቪቪያን፣ በአገሩ አቶ ሲሉ ማስ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን ሶፋ እንደተመኘ ነው የሞተው። ከእርሻ ሲመለስ በጓሮ በኩል እግሩን ይታጠብና ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቅቅል ሙዙን በዓሣ ይበላል፤ ከዚያ ይተኛል። ሳሎን የገባው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም አራት ሰዎች በሣጥን ተሸክመው አስገቡት። ሚስ አይሲልዳም እንባዋን እየጠረገች "ጫማችሁን!" ብላቸዋለች ይባላል። የዶግዉድ ሰው ወሬ ላይ ጨው መነስነስ ይወዳል እንጂ፣ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ጠባይ ከየት አመጣችው ቢሉ፣ ከሰው ቤት ነው። በዋና ከተማው በኪንግስተን፣ ኮረብታው ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ሃያ ሰባት ዓመት በሠራተኝነት ኖራለች። የቤቱ ወለል ቀይ ነበር። ዓርብ ዓርብ ተንበርክካ ሰም ትቀባውና በኮኮናት ብሩሽ ትፈትገዋለች። የኮኮናት ብሩሽ ማለት ደረቅ ኮኮናት ለሁለት ተከፍሎ ቃጫው ያገጠጠው ነው፤ ክንድ ይበላል፣ ወለሉን ግን መስታወት ያደርገዋል። መስታወት ሲሆን እመቤትየዋ ትመጣና "አይሲልዳ፣ በጓሮ ዙሪ፤ እግርሽ ያበላሸዋል" ትላታለች። ራሷ ያበራችውን ወለል ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አቋርጣው አታውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ቂም ይይዝበት ነበር። ሚስ አይሲልዳ ትምህርት ያዘችበት። እመቤትየዋ ሞታ ወደ ዶግዉድ ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ፣ ሁለት የኮኮናት ብሩሽና ያንን ሕግ ነበር።

ባለፈው ዓመት አውሎ ነፋሱ ሲመጣ የዶግዉድ አዳራሽ ከአውራጃው የመጠለያ ዝርዝር ወጥቶ ነበር። ጣራው ያፈሳል፤ መስኮቱ መዝጊያ የለውም። ስለዚህ ሰዉ ፍራሹን በአናቱ ተሸክሞ፣ ወንዙን ጉልበት በሚደርስ ውሃ ተሻግሮ፣ ማዶ ሰፈር ፕሮስፔክት ሂል ወዳለው ትምህርት ቤት ሄደ። ፕሮስፔክት ሂሎችም ሰው ናቸው፣ በር ከፈቱ። ከፈቱና የመጠለያው ኃላፊ ሚስ ኦርቴንስ "እንግዶች ወደ ኋላ!" ብላ ዶግዉዶችን በሙሉ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ደረደረቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ሽንት የመጣበት ሁሉ በላያቸው ተራመደ። የካካዎው ሻይ ሲታደል ደግሞ ከፊት ተጀምሮ፣ ሚስ አይሲልዳ ጋ ሲደርስ አተላው ቀረ።

"ቅር እንዳይልሽ፣ ሚስ አይሲልዳ" አለቻት ሚስ ኦርቴንስ ኩባያውን እያቀበለች። "የራሳችሁ ጣራ ሲኖራችሁ ከላይ ከላዩ ትቀዳላችሁ።"

ሚስ አይሲልዳ አተላውን ዋጠች። ምን ታድርግ? ግን በልቧ ማለች። ዳግመኛ አልዋረድም፤ ያንን ወንዝ ዳግመኛ አልሻገርም አለች።

ግንቦት ላይ የሠራተኞች ቀን ሲመጣ አገሩ ሁሉ በነጻ ይሠራል። ዶግዉድም በየዓመቱ ይሠራል፤ ሥራውም አንድ ነው፣ መንገድ ዳር ያሉትን ድንጋዮች ኖራ መቀባት። ድንጋዮቹ ከመቀባት ብዛት ወፍረዋል። ዘንድሮ ግን የወጣቶች ክበብ ፀሐፊዋ ክሪሳን፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስብሰባው ላይ ተነሥታ "ድንጋይ አንቀባም፤ አዳራሹን እንጠግናለን" አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ማን ይምራ ሲባል ግን ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ፖም ለመልቀም ካናዳ ሄዷል። ግንበኛው ኦዴን "እኔ እጄን እሰጣለሁ፣ አፌን ግን አልሰጥም፤ በየሱቁ እየዞረ ቆርቆሮ የሚለምን ሌላ ፈልጉ" አለ።

ሚስ አይሲልዳ ለስብሰባ አልመጣችም። ቤተ ክርስቲያኑ የተዋሰውን ወንበር ልትመልስ ነው የመጣችው። ወንበሩን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆመችና ጠየቀች።

"ልጆች፣ ያ ጣራ ቢጠገን ዝርዝሩ ላይ እንመለሳለን?"

"እንመለሳለን" አለች ክሪሳን። "ሐምሌ ላይ ከአውራጃው ሰው መጥቶ ያያል። ካለፍን እዚሁ፣ ካላለፍን ፕሮስፔክት ሂል።"

"እንግዲያው እኔ አለሁ።"

በዚህ ዓይነት ዶግዉድ የስድሳ ሁለት ዓመት የወጣቶች መሪ አገኘች።

"መሪያችን ስትነሣ ጉልበቷ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማል" አለ ኦዴን ጎኑ ላለው ልጅ፣ ቀስ ያለ መስሎት።

"የኔ ጉልበት የሚጮኸው ሥራ ስለሚያውቅ ነው" አለችው። "ያንተ ዝም ያለው ከጨዋነት ነው መሰለህ?"

እውነቱን ለመናገር መምራቱን ቻለችበት። ባለ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ እየቆመች ቆርቆሮ ጠየቀች። "የለም" ላላት "ግድ የለም፣ እስኪኖር እጠብቃለሁ" ትልና ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ገበያተኛ በላይዋ እየዘለለ ሲገባ ባለ ሱቁ ይሰለቸዋል፤ ቆርቆሮው ይገኛል። በሦስት ቅዳሜ ጣራው ተመታ። የመስኮት መዝጊያ ተሠራ፤ የውሃ ታንከር ቆመ። ኦዴን በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው በሩ ላይ መወጣጫ ገነባ። የተረፈው አሸዋ ከአዳራሹ ጀርባ ተከመረ። ልጆቹ እጃቸውን አራግፈው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ጨረስን ብለው።

ሚስ አይሲልዳ ግን ወለሉን እያየች ነበር። ግራጫ፣ ሻካራ፣ ምስኪን ሲሚንቶ ነው። በማግስቱ አሥራ ሁለት ጣሳ ቀይ ሰምና አሥራ ሁለት የኮኮናት ብሩሽ ይዛ መጣች።

"ሚስ አይሲልዳ፣ መጠለያ እኮ ነው" አለች ክሪሳን። "ሰው በስብሶ ነው የሚገባው። ሰም ላይ ውሃ ሲፈስ ደግሞ…"

"ሰው ቤት ሲገባ ይደርቃል፣ ልጄ።"

"በአውሎ ነፋስ?"

"ፎጣ ይዞ ይመጣል። ጨዋ ሰው ፎጣ አያጣም።"

አሥራ ሁለቱ ወጣቶች ተንበረከኩ። እሷ ከኋላቸው እየሄደች "ክብ አድርገህ! ክብ! የት ነው ያደግከው?" ትላለች። ኦዴን ላቡን ጠርጎ "ፈቃደኞች ናችሁ ተብለን ነበር፤ ፈቃዳችንን ግን የጠየቀን የለም" አለ። በሁለት ሳምንት ወለሉ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀላ፤ የጣራው ሚስማር ሳይቀር ይታይበት ጀመር። ሚስ አይሲልዳ በሩ ላይ ገመድ ወጠረች። ክሪሳንን አስቀምጣ በካርቶን ላይ አጻፈች፦ ጫማ ይውለቅ። እግር ይታጠብ። ግድግዳ መደገፍ ክልክል ነው። ፍየል አይገባም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ የገባ የለም። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ግቢው ውስጥ ወዳለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወረዱ። የሰንበት ትምህርት በረንዳ ላይ ሆነ። ለልጇ ልደት አዳራሹን የጠየቀች ሴት ኬኩን ደረጃው ላይ ቆርሳ ሄደች። የሚገርመው ማንም አልተቆጣም። እንዲያውም ሰው በመስኮት እያየ "እግዜር ይመስገን፣ አሁን አዳራሽ አለን" ይላል። ዶግዉድ ጠቅላላ አንድ ትልቅ ሳሎን አገኘች፤ በሩን ቆልፎ ማድነቅ ደግሞ ሁሉም ከቤቱ ያውቅበታል።

የተቆጣው ማስ ሴፋስ ብቻ ነው። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዳኛ ከሚባለው ፍየሉ ጋር ይኖራል። ዳኛን ዛፍ ላይ አስሮ፣ ቦት ጫማውን አውልቆ፣ ገመዱን ሊያልፍ ሲል ሚስ አይሲልዳ እጇን ዘረጋች።

"ማስ ሴፋስ፣ ወዴት ነው?"

"ጣራውን ልየው እንጂ! ለዚህ ጣራ ሁለት ወራጅ ሰጥቻለሁ። ደግሞ ጫማዬን አውልቄያለሁ።"

"አየሁ። የሚያሳስበኝ ያልወለቀው ነው።"

ማንጎው ሥር ያሉት ሁሉ ሳቁ። ማስ ሴፋስ እግሩን ወደ ታች አየ። ሰባ ስምንት ዓመት አፈር የረገጠ እግር ነው። ጫማውን አነሣ፤ ፍየሉን ፈትቶ ሄደ። ሚስ አይሲልዳ ረገጠው ብላ የጠረጠረችውን ቦታ በጨርቅ ወለወለች።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሐሙስ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። ሚስ አይሲልዳ ከክሪሳን ጋር ገመዱ አጠገብ ተቀምጣ የአውራጃውን ሰው ትጠብቃለች። መኪና ነው የምትጠብቀው፤ ከረባት ነው የምትጠብቀው። የመጣው ግን ራሱ ላይ ላስቲክ ያጠለቀ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰውዬ ነው።

"እንደምን ዋላችሁ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ልግባ?"

"ቁም! እዚያው ቁም! አንተ ሰውዬ፣ ማንበብ አትችልም?"

ሰውየው ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበበ። "ይሄ መጠለያ ነው የተባለው?"

"መጠለያ ነው፤ ጋራዥ አይደለም።"

"ዝናብ ላይ ነኝ እኮ።"

"እሱማ ይታየኛል። ለዚህ ነው የማላስገባህ።"

ክሪሳን የሚስ አይሲልዳን ቀሚስ ጎተተች። ሚስ አይሲልዳ ቀሚሷን አስለቀቀች። ሰውየው ተንፍሶ፣ ቦት ጫማውን አወለቀና በረጠበ ካልሲው ገመዱን ተሻገረ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ሁለቱም እግሮቹ ከፊቱ ሄዱ። አየር ላይ ጥቂት የቆየ መሰለ፤ ከዚያ በጀርባው ዘፍ አለ። ከብብቱ ያመለጠው የወረቀት ሰሌዳ ወለሉን እየተንሸራተተ አቋርጦ ማዶ ግድግዳ ጋ ደረሰ።

ሁለቱ ሴቶች ሞተ ብለው ደነገጡ። ሰውየው ግን እንደተንጋለለ ወደ ላይ እያየ ነበር።

"ጣራው ደህና ነው" አለ። "ቆርቆሮው ጥሩ ተመቷል።"

"ጌታዬ፣ እርስዎ ማን ነዎት?" አለች ክሪሳን።

"ፊኒኪን። ከአውራጃው። መኪናዬ ወንዙ ላይ ጭቃ ይዟት ቀርታለች።"

"ውይ!" አለች ሚስ አይሲልዳ። "ውይ ጌታዬ፣ ይነሡ እንጂ! ክሪሳን፣ ለእርሳቸው ፎጣ! ለምን ከመጀመሪያው አይነግሩኝም?"

ሚስተር ፊኒኪን በአራት እግሩ ወደ በሩ ተመለሰ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወገቡን እያሸ ነጥቡን ነገራቸው። ጣራው፣ መዝጊያው፣ ታንከሩና መወጣጫው አልፈዋል።

"ወለሉ ይፋቃል፤ እሱ ቀላል ነው" አለ። "ያስቸገረኝ በሩ ነው። የሚያፈስ መጠለያ አይቻለሁ። አይጥ ያለበትም አይቻለሁ። ሰው የማያስገባ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ሰው ሲመጣማ እናስገባለን፣ ጌታዬ!"

"መጥቼ ነበር እኮ።"

ሚስተር ፊኒኪን ሰዓቱን አየ።

"ደወል አላችሁ? ይደወል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አርባ ሰው ከነጓዙ እዚህ ውስጥ ካየሁ እፈርማለሁ። ካላየሁ ዘንድሮም ፕሮስፔክት ሂል ናችሁ።"

ሚስ አይሲልዳ አፏ ውስጥ የካካዎ አተላ መጣባት።

የዶግዉድ ደወል ማንጎው ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ኦዴን በብረት ደበደበው። ሰዉ አልዘገየም፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ግቢው ውስጥ ነበር። ፍራሽ ያንጠለጠለ፣ ድስት የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ። ደረሱና ሁሉም በአንድ ጊዜ የውሃ ቧንቧው ጋ ተሰለፉ።

እግራቸውን ሊታጠቡ ነው።

ጣት በጣት፣ በሳሙና። አንዷ ተረከዟን በድንጋይ ትፈትጋለች። የታጠበ ሰው በጭቃው ላይ ሲመለስ እንደገና ይቆሽሽና ተመልሶ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማል። በሩ ላይ ጫማ ተቆለለ፤ ቁልሉን ለማለፍ ራሱን የቻለ ሰልፍ ተፈጠረ። በሃያኛው ደቂቃ ውስጥ የገቡት አራት ሰዎች ነበሩ። ግድግዳ መደገፍ ክልክል ስለሆነ አራቱም እንዳይወድቁ እጃቸውን ዘርግተው መሀል ላይ እንደ ሽመላ ቆመዋል።

"ግቡ!" ብላ ጮኸች ሚስ አይሲልዳ። "ዝም ብላችሁ ግቡ!"

"ቀኝ እግሬ ይቀረኛል!" አለ አንዱ።

"ሳትታጠቡ ግቡ!"

ሰዉ ቀጥ አለ። እርስ በርሱ ተያየ። "ልትፈትነን ነው" አለች ሕፃን ያዘለችው። "እንዳትገቡ፣ ፈተና ነው።"

"ፈተና አይደለም! ማስ ሴፋስ፣ እባክዎ፣ እርስዎ እንኳ ይግቡ!"

ማስ ሴፋስ ዳኛን በገመድ ይዞ ዝናቡ ላይ ቆሟል። ሰልፉ ውስጥም አልገባም። "እኔ?" አለ። "የኔ እግር አይወልቅም፣ ሚስ አይሲልዳ። በዚሁ አፍሽ ነግረሽኛል። ወንዙን ብሻገር ይሻለኛል። ዳግመኛ አልዋረድም።"

ይህን ቃል ታውቀዋለች። የራሷ ነው። በሰው አፍ ሲመጣ ጊዜ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ስምንት ደቂቃ" አለ ሚስተር ፊኒኪን።

ሚስ አይሲልዳ ወደ ወለሉ ዞረች። ቀይ ነው፣ ያበራል፤ ፊቷም ይታይበታል፣ ያረጀና አፉን የከፈተ ፊት። ከዚያ እንደ ባቡር ጮኸች።

"ኦዴን! የመወጣጫው አሸዋ!"

"ምን ይሁን?"

"በባልዲ! ቶሎ!"

የመጀመሪያውን ባልዲ ከእጁ ነጥቃ አነሣችው። ክንዷ አየር ላይ ቆመ። ሃያ ሰባት ዓመት ነው የያዛት። "ሚስ አይሲልዳ፣ እኔ ልድፋው?" አለች ክሪሳን። "ዞር በይ!" አለችና ደፋችው። አሸዋው ሰሙ ላይ ሻ… ብሎ ሲበተን ጥርሷ ውስጥ የገባ ያህል ፊቷን አጨማደደች። ልጆቹ ከኋላዋ ባልዲ በባልዲ ላይ ደፉ። በተለይ ኦዴን፣ ክብ እያደረገ ደፋው። እሷ ገመዱን በጥሳ፣ ካርቶኑን ቀዳ፣ ወደ ጓሮ ወርዳ እግሯን ከነላስቲክ ቦቷ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ከተተች። ተመልሳም ከበሩ እስከ አዳራሹ መሀል ረግጣ ረግጣ ሄደች። በሕይወቷ ሙሉ ያበራችውን ወለል ስታቋርጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። መሀል ደርሳ ዞረች።

"እስቲ አሁን ከኔ የባሰ እግር ያለው ማነው? ግቡ!"

ማስ ሴፋስ ደረጃው ሥር ደረሰ። "ዳኛስ?"

"ዳኛም ይግባ!"

መጀመሪያ የገቡት ሁለቱ ናቸው። ከዚያ ሰዉ እንደ ተከፈተ ግድብ ተገለበጠ፤ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ሕፃኑ፣ ጭቃው። ግድግዳው ሁሉ ተደገፈ። በሃያ ዘጠነኛው ደቂቃ ሚስተር ፊኒኪን አርባ ስድስት ሰው ቆጠረ።

"ፍየሉን ልቁጠረው?" አለ።

"ከብዙው ሰው ቀድሞ ነው የገባው" አለ ማስ ሴፋስ።

ሚስተር ፊኒኪን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ ወር ሳይሞላ ሰሙ ይፋቅ የሚል ግዴታም ጻፈበት። ኦዴን ይህን ሲሰማ ባልዲውን ጣለ። "ተንበርክከን ቀባነው፤ አሁን ተንበርክከን ልንፍቀው?"

"ፈቃደኞች አይደላችሁ እንዴ?" አለች ሚስ አይሲልዳ። የአውራጃው ወረቀት ደረቷ ውስጥ ገብቷል፤ ድምጿም ተመልሷል።

ወለሉ ተፋቀ። አሁን እንደ ጥንቱ ግራጫና ሻካራ ነው፤ ዶሚኖውም ተመልሷል። ሚስ ኦርቴንስ በእግሯ ወንዙን ተሻግራ ልታይ በመጣች ቀን ካካዎ ተቀዳላት፤ ከላይ ከላዩ ሳይሆን ከመሀል፣ ሚስ አይሲልዳም ሰው ናት።

ከመድረኩ ጀርባ ግን፣ ማንም በማይደርስበት ጥግ፣ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ቦታ ሳይፋቅ ቀርቷል። ሳይታይ ቀርቶ አይደለም። ዓርብ ዓርብ ሚስ አይሲልዳ አዳራሹን ልጥረግ ብላ ትመጣና በሩን ገርበብ አድርጋ በዚያች ጥግ ትንበረከካለች። የኮኮናት ብሩሹ ድምፅ እስከ ማንጎው ይሰማል። ክሪሳን አንድ ቀን ደርሳባት "ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?" ብትላት "ለእንግዳ" አለቻት።

እንግዳው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሚስ አይሲልዳ ብሩሿን ይዛ ከመድረኩ ጀርባ ስትዞር ዳኛ ቀዝቃዛው ሰም ላይ አራት እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያመነዥካል። ብሩሹን አነሣች። ማስ ሴፋስ ከበሩ ላይ ተጣራ።

"ተይው፣ ሚስ አይሲልዳ! ጫማ አላደረገም፤ የጣሰው ሕግ የለም።"